ድንኳን፣ ተሳቢና ሁለቱ ሰንበታት

በቦሌ ሚካኤል የሚኖር ሰው፣ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በጠራበት ጧት ከከፍተኛ ሰገነት ላይ ሆኖ ዙሪያውን ቢመለከት በየአቅጣጫው ተራራ ያያል። በሰሜን እንጦጦ፣ በምሥራቅ የረር፣ በደቡብ ዝቋላ፣ በምዕራብ ወጨጫ ከተማይቱን ከበው ቆመዋል። ከምድር ሆኖ ለሚያይ ግን ፎቆቹ ስለ ከለሉት የተራራው መኖር የሚታወቀው በወሬ ነው። ልጆቻችን በራሳቸው ላይ የሚያልፈውን አውሮፕላን በድምፁ ብቻ ትልቁን ከትንሹ ይለያሉ፤ ጥድን ከዝግባ፣ ጉሬዛን ከጦጣ ለዩ ቢባሉ ግን እርስ በርሳቸው ይተያያሉ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚጥሩ ቤተሰቦች በአጥቢያችን መታየት ጀምረዋል። ከአውቶሞቢላቸው በስተኋላ ሁለት ጎማ ያላት አነስተኛ ተሳቢ ይቀጥላሉ፤ ድንኳኑን፣ ብርድ ልብሱንና ስንቁን ጭነው ዐርብ ከቀትር በኋላ ወይም ቅዳሜ ጧት ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ እሑድ ማታ ይመለሳሉ። ነገሩ መልካም ሆኖ ሳለ በየጽዋው ማኅበርና በየሰንበቴው ሁለት ጥያቄዎች ሲነሡ ሰምተናል። አንደኛው፣ «ይህ የፈረንጅ ልማድ አይደለምን?» የሚል ነው። ሁለተኛው ግን ከዚህ የከበደ ነው፤ «ቅዳሜና እሑድ ሰንበት ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያንን ትቶ በዱር ማደር ሰንበትን መሻር አይሆንምን?» ይላል።

የፊተኛው ጥያቄ ብዙ አያደክመንም። ድንኳን ለእኛ እንግዳ ዕቃ አይደለም። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው ምእተ ዓመት ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት በነበሩት ብዙ ዘመናት የነገሥታቶቻችን መናገሻ በድንኳን የተሠራ ከተማ ነበር፤ ንጉሡ ሲነሣ ከተማው ይነሣ፣ ንጉሡ ሲሰፍር ከተማው ይሰፍር ነበር። ቤተ ክርስቲያኑም በድንኳን ሆኖ አብሮ ይጓዝ ነበር። በግእዝ ድንኳን ደብተራ ይባላል፤ የማኅሌት አገልጋዮቻችን ደብተራ መባላቸውም ከዚሁ ቃል የመጣ ነው። ስለ ተራራውም ቢሆን እንዲሁ ነው። ደብር ማለት በግእዝ ተራራ ማለት ስለ ሆነ፣ እኛ የቦሌ ሜዳ ሰዎች እንኳ እሑድ ጧት «ወደ ደብራችን እንሂድ» ስንል፣ ሳናስተውለው «ወደ ተራራችን እንሂድ» ማለታችን ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በደብረ ታቦር የጌታን ክብር ባየ ጊዜ በዚያው ሦስት ዳስ ለመሥራት መመኘቱንም በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን እንሰማለን።

ይልቁንም የቅዱስ ሚካኤል አጥቢያ ሰው ስለ ድንኳን ሌላውን ሊያስተምር የሚችል ነው። ጥር 10 ቀን በከተራ ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ወርደው በድንኳን ያድራሉ። ብዙዎቹ በማግስቱ ወደ መንበራቸው ሲመለሱ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ግን እስከ ቃና ዘገሊላ፣ እስከ ጥር 12 ቀን ይቆያል። ስለዚህም የሚካኤል ምእመናን ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ብርዱን በዝማሬ እያሳለፉ፣ ሁለት ሌሊት በድንኳኑ ዙሪያ ያድራሉ። ከዐርብ እስከ እሑድ ያለውም ሌሊት ቢቆጠር ከሁለት አይበልጥም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። በቤተ ክርስቲያናችን ቀዳሚት ሰንበትና እሑድ ሰንበት አብረው መከበራቸው ያለ ድካም የተገኘ አይደለም። በ14ኛው ምእተ ዓመት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ስለ ቅዳሜ ክብር ሲከራከሩ ኖረው ከሀገር ወጥተው በስደት ዐርፈዋል፤ ደቀ መዛሙርታቸውም ከሌላው ተለይተው ብዙ ዘመን ኖረዋል። ክርክሩ ፍጻሜ ያገኘው በ1442 ዓ.ም. ገደማ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በተጉለት በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በሰበሰቡ ጊዜ ነው። ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ የተስማሙት በዚያ ጉባኤ ነበር። እንግዲህ ሰው ስለ ቅዳሜ እስከ መሰደድ በደረሰባት ሀገር፣ ቅዳሜን የገበያና የልብስ አጠባ ቀን፣ እሑድንም የእንቅልፍ ቀን አድርገን የምናሳልፍ የከተማ ቤተሰቦች፣ ሌላውን ተራራ ወጣህ ብለን ለመክሰስ ብዙም አፍ የለንም።

ደግሞም አንድ የሚያስደስት ግጥጥሞሽ አለ። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ገጽ ላይ የተዘረጋው የመናገሻ ሱባ ደን በትውፊት የሚያያዘው ከእኒሁ ንጉሥ ጋር ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ተራራው መራቆቱን አይተው፣ በአንኮበር አቅራቢያ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉ ይተረካል። ቅዳሜን ያስከበሩልን ንጉሥ ቅዳሜ የምናርፍበትንም ጥላ አብረው አዘጋጁልን ብንል ትውፊቱን አላበላሸንም። ዛሬ በዚያ ደን ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው በየከፍታው ተራ ይዞ ይታያል፤ ከላይ ወደ ጫፉ ሲቃረብ አስታው ይረከባል፤ የተራራው ራስ 3,385 ሜትር ይደርሳል። ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ሲዘል ነጩ ጭራው እንደ ካህን ጭራ ይወዛወዛል። ድኩላ በማለዳ ከዛፉ ሥር ቆሞ ሲያይ፣ የከተማ ልጅ ትንፋሹን ይዞ ሊቆም እንደሚችል ያየነው በዚያ ነው።

ስለዚህ የእኛ አሳብ የሚከተለው ነው። በተራራ ማደር ራሱ ሰንበትን አይሽርም፤ የሚሽረውም የሚያስከብረውም የጉዞው አሰናዳድ ነው። በተራራው ግርጌ የሚኖረው ገበሬ ሰንበት ነው ብሎ በሬውን ከቀንበር ፈትቶ ባረፈበት ቀን፣ እኛ ከከተማ መጥተን መጥረቢያ ብናነሣ፣ የሙዚቃ ድምፅ ማጉያም ብንከፍት፣ ሰንበትን የሻርነው በእርሱ ፊት ነው። እንጨት መቁረጥ በደኑም ሕግ የተከለከለ ነው፤ ስለዚህ የሰንበትም ሕግ፣ የደኑም ሕግ የሚያዙት አንድ ነገር ነው፤ ማገዶህን ከቤትህ ይዘህ ና። ድንኳኑም ዐርብ ማታ ፀሐይ ሳትገባ ቢተከል ቅዳሜ የዕረፍት ቀን ሆኖ ይነጋል። ይህን ለማድረግ ዐርብ ከቀኑ 9 ሰዓት መነሣት ያሻል፤ ከሥራ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ግድ ቢሆንም ከጨለማ መንገድ ይሻላል። ይህ የማይሆንለት ቤተሰብ ቅዳሜ ጧት ኪዳን አድርሶ ይነሣ፤ ዐርብ በምሽት ተሳቢ እየጎተቱ የተራራ መንገድ መግባትን ግን ለማንም አንመክርም።

ከቦሌ ሚካኤል ወደ መናገሻ ሱባ ለሚሄድ ሰው የቀለበት መንገዱ ይመቸዋል። ሳሪስ አቦን አልፎ፣ በለቡ በኩል ወደ ዐየር ጤና፣ ከዚያም በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ ይወስደዋል፤ ከሰበታ በኋላ ያለው የደኑ መንገድ ግን ጥርጊያ ነው። ድንኳን ለመትከል ከደኑ ጥበቃ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ይገባል።

ከፈቃዱም በፊት የመንገዱን ሰላም መጠየቅ ይቀድማል። ይህን ስንጽፍ ልባችን እያዘነ ነው። አባቶቻችን ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በዓል፣ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ቀን፣ ወደ ዝቋላ ሲወጡ ከሐይቁ ዳር በድንኳን ያድሩ ነበር፤ የተራራ አዳር ለኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ ከሁሉ በፊት የታወቀው በዚያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. ግን በዚያው ገዳም መነኮሳት ተገድለዋል። ስለዚህ በየትኛውም አቅጣጫ ቢሆን፣ በዚያው ሳምንት ከአካባቢው ሰው፣ ከደብሩ ካህናትና ከጸጥታ ሰዎች ሳይጠይቅ ልጆቹን ይዞ የሚወጣ አባወራ አይኑር። መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ፣ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለአንድ ቀን ይበቃል፤ ከእንጦጦ ማርያም ወይም ከእንጦጦ ራጉኤል ተሳልሞ ማታ ወደ ቤት መመለስ ነው። የባሕር ዛፍ ሽታ ከጥድ ሽታ ጋር አይተካከልም፤ ቢሆንም ከፍርሃት አዳር ይሻላል።

አሁን ስለ ተሳቢዋ እንናገር፤ እዚህ ላይ ጥቂት መዘግየት ይፈቀድልን። ተሳቢ የሚያስፈልገው ቤተሰብ ብዙ ስለ ሆነ ነው። አምስት ስድስት ሰው በተቀመጠበት አውቶሞቢል ላይ ድንኳን፣ ፍራሽ፣ የውሃ ጀሪካንና ድስት ሲጨመር ሰውና ዕቃ ይጋፋሉ፤ በጣሪያ ላይ የተቆለለ ጭነት ደግሞ በመታጠፊያ ላይ አውቶሞቢሉን ያዘነብላል። ተሳቢ በዝቅታ ስለምትጎተት ይህን ሁሉ ታቃልላለች። ታዲያ ጠባይዋን ማወቅ ያስፈልጋል። ከባዱ ዕቃ፣ ማለትም ውሃውና እህሉ፣ ከታች፣ ከጎማዎቹ በላይ ጥቂት ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ይጫናል፤ ቀላሉ ብርድ ልብስ ከላይና ከኋላ ይሆናል። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እጅ 1 እጅ ያህሉ ጋራዦቻችን ጋንጮ በሚሉት መጎተቻ ላይ ማረፍ አለበት። ክብደቱ ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢዋ በፍጥነት ጊዜ እንደ ውሻ ጭራ ትወዛወዛለች፤ ሾፌሩንም ከመንገድ እስከ ማውጣት ትደርሳለች።

የኋላ መብራቷና ፍሬቻዋ ከአውቶሞቢሉ ጋር አብረው መብራታቸውን ከግቢ ሳይወጡ ማየት፣ ከጋንጮው ሌላ የሰንሰለት መያዣ ማድረግ፣ ለእርሷ የሚሆን ስኮርታ ጎማና ክሪክ መያዝ የሾፌሩ ድርሻ ነው። የሰሌዳዋንና የምርመራዋን ነገር ከሚመለከተው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ቁልቁለቱን በወጡበት ማርሽ መውረድ የቆየ የሾፌሮች ምክር ነው፤ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ግሎ በመጨረሻው ጥምዝ ላይ እንቢ ይለዋል። ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩም ይደክማል፤ ያለ ቱርቦ የሚሠራ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከ10 እጅ 1 እጅ ያህል ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ ለሚነዳ ሰው የተጻፈው የመጎተት ልክ ለእኛ ሀገር ተራራ ብዙ ነው፤ ግማሹን ያህል የጫነ ሰው በሰላም ይወጣል።

ወደ ኋላ መሄድም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ተሳቢዋ ወደ ግራ ትሄዳለች፤ ይህን እሑድ ከቀትር በኋላ ሰው በሌለበት ሜዳ ሳይለማመዱ ተራራ መውጣት፣ ሚስትን ከኋላ አቁሞ መጮህን ያስከትላል። በሄድንበት ሁሉ የጋብቻ ጠብ የሚነሣው በዚህ ቦታ መሆኑን ታዝበናል። ሕፃናት በተሳቢዋ ውስጥ ሆነው ለመጓዝ ይለምናሉ፤ ለአንድ መቶ ሜትር እንኳ ሊፈቀድላቸው አይገባም።

ስለ ስንቅ ለመናገር ከፈረንጅ የጣሳ ምግብ መጀመር አያስፈልገንም፤ አያቶቻችን ከጎንደር ኢየሩሳሌም የተጓዙበት ስንቅ አለን። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ አይበላሹም፣ ብዙ እሳት አይፈልጉም፤ ከነሐሴ በኋላ ካለው የበጋ ወራት ብዙው የጾም ጊዜ ስለ ሆነም ይስማማሉ። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ቀን ይጀምራል፤ ዐቢይ ጾምም ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ሰማዩ የሚጠራውና መንገዱ የሚደርቀውም በእነዚሁ ወራት ነው። ተልባና ሱፍ ተፈጭቶ በጠርሙስ ቢያዝ ሕፃናት በደስታ ይጠጡታል። ሽሮ ይፈላል፤ ባቄላና ሽምብራ ግን ይዘገያል፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ እሳቱ ቢበረታም ባቄላው ቶሎ አይበስልም። ጥራጥሬውን ከቤት ቀቅሎ መሄድ ማገዶም ጊዜም ያተርፋል። የተረፈው ምግብ በተሳቢዋ ውስጥ ተከድኖ ይደር እንጂ በድንኳኑ አጠገብ አይቀመጥ፤ ጅብ ግብዣ አይጠብቅም።

ብርዱን ማቃለል የለብንም። ከቦሌ 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ጊዜ አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ሰማዩ ስለሚገለጥ ውርጭ ይወርዳል። ቅዝቃዜው ብዙውን የሚመጣው ከመሬት ነው፤ ስለዚህ ከላይ ሁለት ብርድ ልብስ ከመደራረብ ይልቅ አንዱን ከሥር ማንጠፍ ይሻላል።

ከዚህ ብርድ የሚመጣ አንድ ፈተና አለ፤ ስለ እርሱ በቀስታ አንናገርም። እናት ልጆቿ ሲንቀጠቀጡ ስታይ የከሰሉን ምድጃ ወደ ድንኳኑ ልታስገባው ትወዳለች። ከሰሉ ቀልቷል፣ ጢሱ አልቋል፣ ምን ይጎዳል ትላለች። ከሰል ጢሱ ካለቀ በኋላ የሚያወጣው መርዝ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ በደም ውስጥ ገብቶ የአየርን ቦታ ይይዛል። የተኛ ሰው ራሱን ሳያውቅ ያልፋል፤ ያልተኛው ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ብርዱ ነው ብሎ ይበልጥ ወደ እሳቱ ይጠጋል። የሸራ ድንኳን ይተነፍሳል ብሎ መተማመን አይገባም፤ የዛሬው ሸራ ዝናብ እንዳያስገባ ሆኖ የተሠራ ነው። ክዳን ያላት ተሳቢም ከድንኳን ትብሳለች። ምድጃው እንኳን ቀልቶ፣ አመድ ለብሶ ሳለም ወደ ውስጥ አይግባ። የቡታ ጋዝ ምድጃም እንዲሁ ከደጅ ይሁን። ልጆቹን ማሞቅ ከተፈለገ ውሃ አፍልቶ በላስቲክ ወይም በጠርሙስ መሙላት፣ በጨርቅ ጠቅልሎ በእግራቸው ሥር ማድረግ ይበቃል። ይህን ዐምድ ከሚያነቡት መካከል አንዲት እናት ይህን ብቻ አስታውሳ ሌላውን ሁሉ ብትረሳው ቅር አይለንም።

የእሑዱ ነገር ቀርቶናል። ተራራ ላይ አድሮ እሑድ ጧት ቤተ ክርስቲያን መሳም ከቦሌ ይልቅ ይቀላል ብንል የሚያምነን ጥቂት ነው፤ ነገር ግን እውነት ነው። በተራራው ግርጌ የገጠር ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ደወሏ በሌሊት ይሰማል፤ የሚያዘገይ የመኪና ብዛት የለም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አንድ ሁለት ሰው ወርዶ ካህናቱን እጅ ነሥቶ ሰዓቱን ይጠይቅ። ባዶ እጅ መሄድ አይገባም፤ በገጠሩ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ በተሳቢዋ ውስጥ ከሽሮው ጎን ለመባ የሚሆን ቦታ ይቆረጥላት። ነጠላውም ጢስ እንዳይሸት ከሌላው ልብስ ተለይቶ በላስቲክ ይጠቅለል። ለመቁረብ የተዘጋጀ ካለ ከንስሓ አባቱ ጋር አስቀድሞ ይነጋገር፤ የ18 ሰዓት ጾም ስላለበት የቅዳሜውን ምሳ ዋና ምግብ አድርጎ ከዚያ በኋላ ይታገሥ፤ ያን ቀን ከተራራው ጫፍ መውጣትም ለሌላው ይተውለት። የአካባቢው ሰው ብዙውን የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ ልጆቹ «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ መስጠትን በመንገድ ላይ ቢማሩ አቀባበሉ ሌላ ይሆናል። የቅዳሴው ግእዝ ግን ያው በቦሌ ሚካኤል የሚሰሙት ስለ ሆነ፣ ሕፃናቱ የማያውቁት ቦታ ቆመው የሚያውቁትን ሲመልሱ እናያቸዋለን።

ከተራራው ሥር የሚፈልቅ ውሃ ባዩ ጊዜ ለመታጠብ አይቸኩሉ፤ ጠበል ሊሆን ይችላል፤ ጠበል ባይሆንም ከታች የሚጠጡት አሉ።

ባለፈው ጥር መጨረሻ ሦስት ቤተሰብ ሆነን በወጣን ጊዜ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ አረጋዊ ካህን በጸሎት ሊያስቡን ስማችንን ጠየቁን። ትልልቆቹ በየተራ የክርስትና ስማችንን ተናገርን። ከልጆቹ መካከል የዘጠኝ ዓመት ብላቴና ተራው ሲደርስ በትምህርት ቤት የሚጠራበትን ስም ተናገረ። ካህኑም ፈገግ ብለው፣ «እሱ የዓለም ስምህ ነው፣ ልጄ፤ የክርስትና ስምህስ?» አሉት። ልጁ ወደ እናቱ ዘወር አለ። እናቱ ጎንበስ ብላ በጆሮው ነገረችው፤ እርሱም ቀና ብሎ፣ «ወልደ ሚካኤል» አለ። ካህኑ መስቀላቸውን በግንባሩ ላይ አኑረው ያንኑ ስም ሲደግሙት ፊቱ ተለወጠ። ወደ ድንኳኑ እስክንመለስ ድረስ ስሙን እየደጋገመ ከፊታችን ፊታችን ይሄድ ነበር። ይህ ልጅ የተወለደውም ያደገውም በቦሌ ሚካኤል ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም ከቤቱ በእግር የሚደረስበት ነው። ነገር ግን በከተማ ብዙ ስለ ሆንን፣ ካህኑ እያንዳንዱን ልጅ አቁሞ ስሙን የሚጠይቅበት ጊዜ አያገኝም።

እሑድ ከምሳ በኋላ ድንኳኑ ይነሣል። በ8 ሰዓት የተነሣ ሰው ሳይመሽ ከቦሌ ይገባል፤ ከዚያ የዘገየ የሰበታን መንገድ ከጭነት መኪና ጋር ይካፈላል። ካስማው ይቆጠር፤ አንድ ካስማ በሣር ውስጥ ቀርቶ የከብት እግር ይወጋል። የላስቲክ ቁራጭ ሁሉ ተለቅሞ በተሳቢዋ ይመለስ።

ሸራው ግን በዚያው ሌሊት ጤዛ ስለሚርስ፣ እንደ ተጠቀለለ ከተቀመጠ በጥቂት ቀን ይሻግታል። ሰኞ ከግቢ ውስጥ ተወጥሮ መድረቅ አለበት። እኛም እንዲሁ አድርገን በተራዳው ላይ ስንዘረጋው፣ አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እንባ እየተናነቃቸው ከበራችን ቆሙ። በከተማችን ድንኳን የሚተከለው ለሠርግ ወይም ለልቅሶ ነው፤ የሠርግ ወሬ ስላልሰሙ የሟቹን ስም ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ነገሩን ሲረዱ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ ቡናው እስከ ሦስተኛው ድረስ ስለ ጉሬዛውም ስለ አረጋዊው ካህንም ሲጠይቁ አመሹ። ሲወጡም ከመቀነታቸው ገንዘብ ፈትተው፣ በሚመጣው ጉዞ ለዚያች ቤተ ክርስቲያን ዘቢብ ገዝተን እንድናደርስላቸው አደራ ሰጡን።